«እናንተ እንዳላችሁ»

ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስጽፍ እውላለሁ። ሐዋሳ ውስጥ፣ ተማሪ በሚበዛበት አንድ መንገድ ዳር፣ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ትልቅ የፎቶ ኮፒ ማሽን ያላት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ነኝ። እጽፋለሁ፣ አትማለሁ፣ እጠርዛለሁ። ስለ ቡና በሽታ፣ ስለ ሐይቁ ውኃ፣ ስለ ብድርና ቁጠባ ማኅበራት የማላውቀው የለም፤ ሁሉንም ግን ግማሽ ግማሹን ነው የማውቀው፣ ምክንያቱም ተማሪው የቀረውን ምዕራፍ ሌላ ቤት ወስዶ ያጽፋል። መብራት ሲጠፋ በርጩማዬን ይዤ ደጅ እወጣለሁ፤ ወረፋ የያዙትም ከብበውኝ ይቀመጣሉ። ጨዋታ የሚደምቀው ያኔ ነው።

ባለፈው ግንቦት፣ የጥናት ማስረከቢያ ደርሶ ክፍሌ እንደ ወፍጮ ቤት በተጨናነቀችበት ሰሞን፣ አንድ ተመራቂ ተማሪ በእጅ የተጻፈ አምስት ገጽ ይዞ መጣ። ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ፣ እስክሪብቶውን ከጆሮው ጀርባ የሚሰካ ልጅ ነው። «እትዬ፣ ይሄን ይጻፉልኝ፤ ቃላቱ ላይ ደግሞ ይርዱኝ» አለኝ። አነበብኩት። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በወንድና በሴት መካከል ፈቃድ ተጠየቀ፣ ፈቃድ ተሰጠ የሚባለው መቼ እንደሆነ ምን እንደሚያስቡ የሚጠይቅ መጠይቅ ነው።

«ጥናቱ በእንግሊዝኛ አይደል እንዴ? ምን አደከመህ፣ በዚያው አትጠይቃቸውም?» አልኩት።

«በእንግሊዝኛ ስጠይቃቸው ሁሉም ትክክለኛውን መልስ ይሰጡኛል። ከሥልጠና የሸመደዱትን። በአማርኛ ስጠይቃቸው ግን ይከራከሩኛል» አለኝ።

ይህን በማለቱ ወደድኩትና ወረፋውን አስቀድሜ ያዝኩለት። ያስቀየምኳቸው ይቅር ይበሉኝ።

መጀመሪያ ርዕሱ ላይ «የወሲብ ፈቃድ» ብሎ ጽፎ ነበር። ቃሉን ጮክ ብዬ ሳነበው ከኋላው የቆመች ልጅ «የት ነው የሚታደሰው?» አለች፤ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እውነቷን ነው። ፈቃድ ስንል የንግድ ፈቃድ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ነው፣ የዓመት ፈቃድ ነው። ከላይ የተቀመጠ ሰጪ አለ፣ ከታች የቆመ ጠያቂ አለ፣ መሐል ላይ ማኅተም አለ። «ፈቃደኝነት» እናድርገው አልን፤ ያ ደግሞ ችግኝ የሚተክል በጎ ፈቃደኛ አስመሰለው። በመጨረሻ «ስምምነት» የሚለውን ያዝን። ስምምነት የቤት ኪራይ ውል ይሸታል፤ ግን ቢያንስ ሁለት እኩል ሰዎች ያሉበት ቃል ነው።

እዚህም ላይ አንድ ነገር አደናቀፈን። እንደ ማንኛውም መጠይቅ የመልሱ ሳጥኖች «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልወሰንኩም፣ አልስማማም፣ በጣም አልስማማም» የሚሉ ናቸው። «ዝምታ ስምምነት ነው» የሚለው ጥያቄ ፊት «እስማማለሁ» የሚል ሳጥን መጣ። ልጁ ራሱን ያዘ። እኔ ግን በዚህ ሥራ ስንት ዓመቴ ነው፤ «ተወው፣ ይሄ ራሱ ያስቃቸዋል፤ የሳቀ ሰው ደግሞ እውነቱን ይሞላል» አልኩት።

ለሙከራ ስድስት ኮፒ አወጣንና እዚያው ወረፋ ለያዙት አደልን፤ ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። ሥራቸውን እየጠበቁ ሞሉት። ወዲያው መብራት ጠፋ። ደጅ ወጣን።

ክርክሩን የጫረው አራተኛው ጥያቄ ነው፣ ያው የዝምታው። አንዱ ልጅ፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቂታ፣ ለሁሉም ሰው ለስላሳ የሚጋብዝ ዓይነት፣ «ሴት ልጅ ‹እሺ› ብላ አፍ አውጥታ የምትናገርበት አገር ነው እንዴ ይሄ? ዝም ካለች ተስማማች፤ አይሆንም ካለችም ትግደረደራለች» አለ። በክፋት አልተናገረውም። ዝናብ ከላይ ወደ ታች ይዘንባል እንደሚል ሰው ነው የተናገረው።

ሰማያዊ ጃኬት የለበሰች ልጅ ከተቀመጠችበት ቀና ብላ «እሺ፣ እኔ እምቢ ማለት ብፈልግ ምን ልበልህ?» አለችው።

«እምቢ በይ!»

«እምቢ ስልህ ትግደረደራለች ካልክ?»

ዝም አለ። ልጅቷ ጣቶቿን እየቆጠረች ቀጠለች። «ነገ ፈተና አለብኝ» ማለት እምቢ ነው። «ጓደኛዬ ትጠብቀኛለች» ማለት እምቢ ነው። «ራሴን አሞኛል» ማለት እምቢ ነው። «ሌላ ጊዜ» ማለት እምቢ ነው። «ግድ የለም» ማለት እምቢ ነው። ልጁ እዚህ ላይ «ግድ የለም ማለትማ ምንም አይደለም ማለት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ እውነት ለመናገር ሁለቱም ልክ ናቸው። ቡና ልቅዳልሽ ብሏት «ግድ የለም» ካለች አትፈልግም፤ ኩባያው ቆሽሿል ብሏት «ግድ የለም» ካለች ቅዳ ማለቷ ነው። አንድ ቃል፣ ሁለት በር።

«ደፍረሽ እምቢ ብትይ እኮ ይገባናል» አለ ሌላው።

«ደፍሬ እምቢ ስልህ ጥጋበኛ ነው የምትለኝ። ባለፈው ሳምንት ለማን ነበር እንዲህ ያልካት?»

ተሳሳቁ፤ የተባለችውን ሁሉም ያውቋት ነበር መሰለኝ።

«መግደርደር» የሚለው ቃል ከጆሮዬ ሳይወጣ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ብዙ ቋንቋ አላውቅም፤ ቢሆንም የሚፈልጉትን ነገር አልፈልግም ብሎ ማስለመንን እንዲህ በአንድ ግስ ያሳረፈ ቋንቋ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ቃሉ ያደገው ከገበታ ዳር ነው። እንግዳ ሲመጣ ብላ ይባላል፤ «በልቼ ነው የመጣሁት» ይላል፤ አልበላም፣ ባለቤቱም አለመብላቱን ያውቃል። «በሞቴ!» ይባላል። «ኧረ በእውነት ጠግቤያለሁ።» «አፈር ስሆን!» ሦስተኛው ላይ እጁን ይታጠባል። የመጀመሪያውን «አይሆንም» አምኖ ሳህኑን ያነሣ ባለቤት በሰፈሩ ዘንድ ንፉግ ተብሎ ይቀራል። ጉርሻም ያው ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንላለን፤ ጠግቤያለሁ እያለ አፉን በእጁ የሸፈነን ሰው እጁን ገፍተን እናጎርሳለን፤ ይህን የምናደርገው ስለምንወደው ነው፤ እሱም እንደምንወደው ስለሚያውቅ ያኝካል።

በዚህ ባህል ልፎክር እንጂ ላፍርበት አልነሣሁም። እናቴ እንግዳን ሳታስለቅስ አትሸኝም። ነገር ግን ያ ትከሻው የሰፋው ልጅ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በየቀኑ፣ በየገበታው፣ የሰው «አይሆንም» ሦስት ጊዜ እስኪደገም ድረስ የማይቆጠር መሆኑን ሲማር ኖሮ ነው ወደ ግቢ የገባው። አዳራሽ ሰብስቦ ለሁለት ሰዓት ያሠለጠነው ሰው ይህን ትምህርት እንዴት ይፍታው? ደግሞም ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። እንግዳው ሲግደረደር ሁለቱም ጨዋታውን ያውቁታል፤ ሽሮው ቢበላም ባይበላም እንግዳው ጫማውን አድርጎ ይሄዳል። የሰማያዊ ጃኬቷ ልጅ ግን ጨዋታ መሆኑን አልተስማማችም።

ስለ ቃል ካነሣሁ አንድ ልጨምር፤ የሥራዬ ልማድ ነው። ወንድ ልጅን «ደፈር በል» እንለዋለን። አፋር ከሆነ «ደፈር ብለህ አናግራት እንጂ» እንለዋለን። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም እያልን አሳድገነዋል። የወንጀሉም ስም መድፈር ነው። አንዱ ሙገሳ፣ ሌላው ጽኑ እስራት፣ የቃሉ ሥር ግን አንድ። ሴቷን ደግሞ እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ዝም አይነቅዝም እያልን። ሁለቱን በእነዚህ ተረቶች አሳድገን በአሥራ ስምንትና በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው አንድ ግቢ ውስጥ እንለቃቸዋለን።

ከስድስቱ ወረቀቶች አንዱን ልጁ ራሱ ለእኔ አሳየኝ። (የማንም ወረቀት እኔ ቤት አልቀረም፤ የተበላሸውን ሁሉ ማታ ማታ እቀዳድደዋለሁ፣ እናቴ ምጣድ ታሟሽበታለች።) አንዲት ልጅ ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ያለውን ሁሉ «አልወሰንኩም» ላይ አክብባለች። ልጁ «ይሄማ የተበላሸ ነው፣ ሳታነበው ነው የሞላችው» ብሎ ሊጥለው ነበር። ክቦቹን አየኋቸው። ሳያነብ የሚሞላ ሰው መስመር ይጎትታል ወይም ይቸኩላል። የእሷ ክቦች ግን እያንዳንዳቸው በጥንቃቄ የተሣሉ፣ ጫፍና ጫፋቸው የገጠመ ነበሩ። አሥራ አንደኛው ላይ፣ «አንድ ጊዜ እሺ ያለ ሰው ሐሳቡን መቀየር ይችላል» የሚለው ላይ፣ መጀመሪያ «በጣም እስማማለሁ»ን አክብባ፣ ሰርዛ፣ ወደ «አልወሰንኩም» ሄዳለች። ስረዛው ወረቀቱን ሊቀድደው ደርሷል። «ይሄን እንዳትጥለው» አልኩት።

ስለ ሕግ የተነሣው በማግሥቱ ነው። የሕግ ተማሪዎች አንቀጽ ስለሚያሳትሙ የወንጀል ሕጉ፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው፣ ኮምፒውተሬ ውስጥ አለ። ልጁ አንቀጽ 620ን ለብቻው እንዳወጣለት ጠየቀኝና አብረን አነበብነው። አስገድዶ መድፈር ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል፤ ዕድሜዋ በአሥራ ሦስትና በአሥራ ስምንት መካከል ከሆነ፣ ወይም ብዙ ሆነው ከፈጸሙት፣ እስከ ሃያ ይደርሳል። የሚዘረዝረው የኃይል ድርጊትን፣ ብርቱ ዛቻን፣ ኅሊናዋን እንድትስት ወይም መከላከል እንዳትችል ማድረግን ነው። ጉዳዩ የሚነሣው ወንዱ ምን ዓይነት ኃይል ተጠቀመ ከሚለው ነው፤ ሴቷ እሺ ብላ ነበር ወይ ከሚለው አይነሣም። ልጁ በጥናቱ ውስጥ የካሊፎርኒያን ሕግ ጠቅሷል፤ በአውሮፓውያን 2014 የወጣውና ዩኒቨርሲቲዎችን የሚመለከተው ዝምታም አለመታገልም ስምምነት አይደለም ይላል። ስዊድን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ ኃይልም ዛቻም ባይኖር፣ ሰውየው ወይም ሴትየዋ በፈቃድ ካልገቡበት ወንጀል ነው ብላለች። የእኛውን ከእነሱ ጎን ሳስቀምጠው፣ የእኛው ሕግ የሚጠይቀው የሰማያዊ ጃኬቷ ልጅ ስንት ጊዜ እንደተናገረች ሳይሆን ምን ያህል እንደታገለች ሆኖ ተሰማኝ። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ ጸሐፊ ነኝ። ግን ጸሐፊ ቃል ያያል፤ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

አንቀጽ 625ንም አነበብን፤ አስተማሪ፣ አሠሪ ወይም አሳዳሪ የሆነ ሰው ሥልጣኑን መከታ አድርጎ ሲጠቀምባት። ቅጣቱ ቀላል እስራት ነው፤ እሱም አቤቱታ ሲቀርብ። «አቤቱታውን ውጤቷ ከመለጠፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ የምታቀርበው?» አለች ከጎናችን ኮፒ የምትጠብቅ አንዲት ተመራቂ። መልስ የሰጣት የለም።

አሁን የምጽፈው ታሪክ ባለቤት አላት፤ ልጽፈው ጠይቄያት ፈቅዳለች። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቅኋት። መጀመሪያ ስጠይቃት ጓደኞቿ ነበሩ፤ «ምን ችግር አለ» አለች። ያንን አልቆጠርኩትም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብቻዋን ስትመጣ ደግሜ ጠየቅኋት፤ ትንሽ አስባ «ስሜ ካልተጠቀሰ፣ የምማረውም ካልተጠቀሰ፣ ይጻፉት» አለችኝ። አልተጠቀሱም።

ጓደኛዋ ልደቷን ሐይቁ ዳር አከበረች። ዓሣ በዳጣ፣ ሙዚቃ፣ ፎቶ። የሐይቁን ምሽት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ነፋሱ ከውኃው ላይ ሲነሣ ሰዓት ያስረሳል። የባጃጅ ወረፋ ሲጠብቁ መሸና የግቢው በር ተዘጋ። ከልደቱ ላይ አብሯቸው የነበረ፣ ውጭ ቤት የተከራየ የክፍሏ ልጅ «እኔ ጋ እደሪ፣ እኔ ጓደኛዬ ጋ እሄዳለሁ» አላት። ሄደች። ጓደኛው ጋ አልሄደም።

«አላስፈራራኝም። አልመታኝም። እኔም አልጮኽኩም። ‹ደክሞኛል› አልኩት። ሦስት ጊዜ ‹ደክሞኛል› አልኩት» አለችኝ። በነጋታው ቁርስ ገዝቶላታል። እንቁላል ፍርፍር። ይህን ስትነግረኝ ነው ድምፅዋ የተቆረጠው፤ ሌላውን ሁሉ ሳትቆም ነግራኝ እንቁላሉ ላይ ቆመች። በኋላ ስትጠይቀው «ተስማምተን ነው እኮ» አላት። የዋሸ አይመስላትም። «እሱ እውነቱን ነው እትዬ፣ እንደዚያ ነው የሚያስበው። እኔ ግን የተስማማሁት ለማደሪያ ነው።»

እኔ ስሰማው ሦስት ወር አልፎት ነበር። ምን ልላት እንደሚገባኝ አላውቅም ነበር፤ አቅፌ ሻይ ሰጠኋት። ማታ እንቅልፍ ነሣኝና በማግሥቱ ደንበኛዬ የሆነች አንዲት ነርስ ጠየቅሁ። ኤች አይ ቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል፣ ከዚያ ካለፈ አይሠራም። እርግዝና የሚከላከለው የድንገተኛ ጊዜ ክኒን እስከ አምስት ቀን ይወሰዳል፤ እሱም ባደረ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል። ለሕክምናው የፖሊስ ወረቀት እስኪገኝ ብሎ ቤት መቀመጥ ሰዓቱን መብላት ነው። ይህን ሁሉ በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ የስንት የጤና ተማሪ ጥናት ጽፌ፣ ገና ያን ቀን ሰማሁት።

«72 ሰዓት» ብዬ በትልቁ ጽፌ፣ ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ዝርዝሩን ዘርዝሬ ከኮፒ ማሽኑ በላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሦስት ሰው የዋጋ ቅናሽ መስሎት ጠየቀኝ። አንዱማ «እትዬ፣ ጥረዛንም ይጨምራል?» አለኝ። አሁን ግን አንዳንዶች ወረፋ ላይ ቆመው አንገታቸውን አስግገው ያነቡታል፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ ሲያነሡት አያለሁ፤ እኔም ወደ ሌላ አቅጣጫ እዞራለሁ።

ወደ ራሴ ልምጣ፤ የተነሣሁትም ለዚህ ነው።

በ1995 ዓ.ም. የታይፕ ትምህርት ጨርሼ ሥራ ስፈልግ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሦስት ሰዎች፣ ነጠላቸውን አጣፍተው። ቡናውን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። የመጡት ለእኔ መሆኑን ያወቅሁት ስኒውን ስሰጣቸው አንደኛው ሽማግሌ እጄን እንደ በግ ሲያየው ነው። ልጁን አውቀዋለሁ፤ የወንድሜ ጓደኛ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ቤታችን መጥቶ ያውቃል። አባቴ እንደ ወጉ ቀጠሮ ሰጣቸው። ማታ እናቴ ጓዳ ገብታ፣ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ፣ «ምን ትያለሽ?» አለችኝ። «እናንተ እንዳላችሁ» አልኳት። እናቴ ወጥታ ለአባቴ «እሺ ብላለች» አለችው። በግድግዳው በኩል ሰማኋት። ዓይኔ እያነባ ነበር፤ ከሽንኩርቱ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ፣ በ1987፣ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንደሚመሠረት ደንግጓል። በእናቴ ዘመን የነበረው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እኮ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ በር ትቶለት ነበር፤ እኔ ካገባሁ በኋላ የወጣው ነው ያንን በር የዘጋው። እናቴ «ምን ትያለሽ?» ብላ መጠየቋ ራሱ በእሷ ዘመን ሚዛን ትልቅ ነገር ነው፤ እሷን የጠየቃት አልነበረም። ስለዚህ አልወቅሳትም። እኔም ታሪኬን ከዚያች ልጅ ታሪክ ጋር አንድ ነው አልልም፤ አንድ አይደለም። ባለቤቴ ደግ ሰው ነው። ሁለት ልጆች አሉን። የኮፒ ማሽኑን የገዛልኝ እሱ ነው፤ ሲበላሽ የሚፈታውም እሱ ነው። ብቻ እሺ ያልኩበትን ቀን ፈልጌ አላገኘሁትም። «እናንተ እንዳላችሁ» የሚለውን መጠይቁ ላይ ባገኘው የቱ ሳጥን ውስጥ እንደማስገባው አላውቅም። ምናልባት እኔም ክቤን አሳምሬ «አልወሰንኩም» ላይ እሥላለሁ።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ ለምሳ መጣች። «ትጨምሪያለሽ?» አልኳት። «ኧረ በቃኝ» አለች። ዝም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ልሞክረው ብዬ ነው። ሳህኑን አነሣሁ። እናቴ ከአልጋዋ ጫፍ ሆና እንደ እብድ አየችኝ። ልጅቷ ስትሄድ «ምን አስቀየመችሽ? ልጅቷን ከነረሃቧ ሰደድሻት!» አለችኝ። ልጅቷ ማታ ደወለች፤ እውነትም መንገድ ላይ ሳምቡሳ ገዝታ በልታለች። ስለዚህ እኔ ለዚህ ነገር መድኃኒት አገኘሁ ብዬ አልመጻደቅም።

ልጁ መጠይቁን አስተካክሎ መጨረሻ ላይ አንድ ክፍት ጥያቄ ጨመረበት፦ «እምቢ ማለት ፈልገህ ወይም ፈልገሽ በሌላ ቃል የተናገርክበት ወይም የተናገርሽበት ጊዜ አለ? ቃሉ ምን ነበር?» ለመልሱ ሦስት መስመር ተወ። «ገጹን ሙሉ ልቀቅላቸው» አልኩት። ወረቀት ይበላል ብሎ ተከራከረኝ፤ የራሴን ወረቀት ጨመርኩለት።

ከአዲሱ አንድ ኮፒ ወደ ቤት ይዤ ሄድኩ። ባለቤቴ እራት በልቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ እንደ ፈተና ሞላው። እኔ ቡና እቆላለሁ። አንዳንዱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ ይስቃል። አራተኛውን፣ የዝምታውን፣ ሳያመነታ «አልስማማም» አለ። «እንዲህማ እንዳታስቢኝ» አለኝ።

«እኔ እሺ ያልኩህ መቼ ነው?» አልኩት።

«ምኑን?»

«ለመጋባት።»

ሳቀ። «ሽማግሌ ስንልክ ነዋ! ወንድምሽ ‹ስኒ ስትሰጥ ፈገግ ብላለች› ብሎ ነገረኝ እኮ።» ከዚያ ፊቴን አየና ሳቁን ተወው። ቡናው እያረረ ነበር፤ ምጣዱን አነቃነቅሁ።

ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። ዘጠነኛው ላይ ደረሰ፦ «ባል የሚስቱን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልገውም።» አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» ብሎ ባልን ያለፈበት ቦታ ማለት ነው። እስክሪብቶውን ከአንዱ ሳጥን ወደ ሌላው ወሰደው፣ መለሰው፣ መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ቆየ።

«ይሄኛውን አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«አንተ እንዳልክ» የሚለው ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። «ቆይ፣ ላስብበት» አልኩት።

«እጠብቃለሁ» አለና ወረቀቱን አጥፎ ቴሌቪዥኑ ላይ አስቀመጠው። ሦስት ሳምንቱ ነው። አቧራ ስጠርግ አነሣዋለሁ፣ እመልሰዋለሁ። እሱም አልነካውም።